ምትሃት ከየት ይጀመራል? ከእጅሽ በፊት ከዓይንሽ

ጥያቄ፦ «ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከሦስት ወር በፊት ማጂክ ልማር ብዬ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። እስካሁን አርባ ያህል ትሪክ አውቃለሁ። ሰው ፊት ስሆን ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሳንቲም አጠፋለሁ ብዬ፣ ገና ሳልጨርስ ወንድሜ ‹ያውና፣ በቀኝ እጅሽ ይዘሽዋል› አለኝ። እጄ ትንሽ ስለሆነ ካርታም በደንብ አይያዝልኝም። ለመሆኑ ይሄ ነገር ለእኔ ይሆናል? የሚሆን ከሆነስ ከየት ልጀምር? ምን ዕቃ ልግዛ? እርስዎ ዛሬ እንደ አዲስ ቢጀምሩ እንዴት ይጀምሩ ነበር?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ለወንድምሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ካየሻቸው ቪዲዮዎች ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የሰጠሽ እሱ ነው። «በቀኝ እጅሽ ይዘሽዋል» ሲልሽ ሳንቲሟን አይቷት አይመስለኝም። ያየው ዓይንሽን ነው። ልወራረድ እችላለሁ፤ ሳንቲሟ ግራ እጅሽ ውስጥ እንዳለች እያስመሰልሽ ልብሽ ግን ቀኝ እጅሽ ላይ ነበር። ልብ ወዳለበት ዓይን ይሄዳል። ያንቺ ዓይን ወደሄደበት ደግሞ የተመልካቹ ይከተላል። እጅሽ አላሳበቀብሽም። ያሳበቀብሽ ዓይንሽ ነው።

ከጥያቄሽ ውስጥ ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። አርባ ትሪክ አውቃለሁ ብለሻል። አታውቂም፣ አትቀየሚኝ። የምታውቂው አርባ ምስጢር ነው። የቀልዱን መጨረሻ ያወቀ ሁሉ ቀልድ አያወራም። አንዱ ሲያወራው ሰው በሳቅ ይፈርሳል፤ ሌላው ያንኑ ቀልድ ሲያወራው ሰው ስልኩን ማየት ይጀምራል። ምትሃትም እንደዚያው ነው።

እኔም በዚሁ በሽታ አልፌያለሁ። በጀማሪነቴ ሰው በተሰበሰበበት ቤት ከእጅጌዬ ካርታ ላወጣ ተዘጋጅቼ ገባሁ። ገና ሰላም እያልኩ ሳለ ካርታዋ ወለሉ ላይ ዱብ አለች። አንዲት ትንሽ ልጅ አነሳችና «ጣልክ» ብላ ሰጠችኝ። ያን ቀን ሌላ አሥራ አንድ ትሪክ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱንም አልሠራሁም።

ስለዚህ ዛሬ ብጀምር በሦስት ትሪክ እጀምር ነበር። ለሦስት ወር ሦስት ብቻ። አንደኛው ምንም የእጅ ጥበብ የማይፈልግ፣ ሁለተኛው አፍ የሚፈልግ፣ ሦስተኛው ዓይን የሚፈልግ። ሌላውን ሁሉ ለጊዜው እርሺው። ቪዲዮዎቹም የትም አይሄዱም።

ወደ ትሪኮቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በአጭሩ ልበል። ይህን ስትጀምሪ «ከሰይጣን ጋር ነው የምትሠሪው?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። አስማት የሚለው ቃል ራሱ አንዳንዱን ሰው ያስበረግገዋል። ለዚህ ነው እኔ ምትሃት ማለት የሚቀለኝ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1584 ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ በጠንቋይነት የሚከሰሱ ሰዎችን ለመከላከል መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሳንቲም እንዴት እንደሚጠፋ፣ ኳስ እንዴት እንደሚሰወር፣ ካርታ እንዴት እንደሚታወቅ ዘርዝሮ አሳየ። «ተመልከቱ፣ ይህ የእጅ ፍጥነት እንጂ የጋኔን ሥራ አይደለም» ለማለት ነበር። የዛሬ ጀማሪ የሚማራቸው አንዳንዶቹ ነገሮች ያኔውኑ ተጽፈው ነበር። የሚጠይቅሽ ካለ «እጄ ነው የሠራው፣ ሸወድኩህ» በይው። ልዩ ኃይል አለኝ ብለሽ ግን በቀልድም አትጀምሪ። የሚያምንሽ ሰው ይገኛል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻው ይቸግራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው። የምትፈልጊው አንድ ላስቲክ ብቻ ነው፤ ብር ወይም ወረቀት የሚታሰርበት ዓይነት።

ላስቲኩን በግራ እጅሽ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ላይ አጥልቂው። ወደ ጣቶቹ ሥር ይውረድ። መዳፍሽ ወደ አንቺ፣ የእጅሽ ጀርባ ወደ ተመልካቹ ይሁን። በቀኝ እጅሽ ላስቲኩን በመዳፍሽ በኩል ወደ ራስሽ ሳብ አድርጊና አስፊው። ወዲያው የግራ እጅሽን ጨብጪ፤ ስትጨብጪ የአራቱም ጣቶችሽ ጫፍ በተከፈተው ላስቲክ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ላስቲኩን ልቀቂው። ተመልካቹ ከጀርባ በኩል የሚያየው ላስቲኩ በሁለቱ ጣቶች ሥር እንዳለ ነው። በውስጥ በኩል ግን አራቱንም ጣቶች ከጫፋቸው ላይ ይዟቸዋል። አሁን እጅሽን ክፈቺ። ላስቲኩ ዘሎ ቀለበት ጣትሽና ትንሿ ጣትሽ ላይ ይቀመጣል። አንቺ አላዘለልሽውም፤ ላስቲኩ ራሱ ነው የሠራው።

(በነገራችን ላይ ሌባ ጣት ይህን ስም ያገኘው በእኛ ሙያ ይመስለኛል። በምትሃት ውስጥ የማይሰርቀው ነገር የለም።)

ይህ ትሪክ በአሥር ደቂቃ ይያዛል። ታዲያ ለምን ከዚህ ጀመርኩ? እጅሽ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ስለሆነ ጭንቅላትሽ ነፃ ይሆናል። ነፃ ሲሆን ሌላ ነገር ትለማመጃለሽ። ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት። ስም መጥራት። ከመክፈትሽ በፊት ቆም ማለት። ያቺ ቆም ማለት ወሳኝ ናት። ጀማሪ ሁሉ ይቸኩላል፤ ላስቲኩን አጥልቆ፣ ጨብጦ፣ ከፍቶ በሁለት ሰከንድ ይጨርሳል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ እንኳ አይገባውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለካርታ ተጫዋች ብቻ አይደለም። ጨብጪ። «የትኞቹ ጣቶች ላይ ነው ያለው?» ብለሽ ጠይቂው። «ሁለቱ ላይ» ይበልሽ። በአፉ ሲናገረው እምነቱ ይጠነክራል። ከዚያ ወደ ጭብጥሽ ሳይሆን ወደ ፊቱ እያየሽ ቀስ ብለሽ ክፈቺ።

ሁለተኛው የካርታ ነው። እጅሽ ትንሽ ነው ብለሽ የፈራሽው ካርታ። ለዚህኛው ትልቅ እጅ አያስፈልግም።

ካርታውን ለተመልካቹ ስጪውና ይበውዘው። በደንብ ይበውዘው፣ አትቸገሪ። ሲመልስልሽ ካርታውን እያስተካከልሽ ከታች ያለችውን አንዷን ካርታ ሰርቀሽ እዪ። ጠርዙን ትንሽ ዘንበል ማድረግ ይበቃል። ያቺን ካርታ አስታውሺ፤ የልብ ሰባት ናት እንበል። አሁን ካርታውን እንደ ማራገቢያ ዘርግተሽ አንዷን ያውጣ። አይቶ ያስታውሳት። እሱ እያያት ካርታውን ሰብስበሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። የመረጣትን ካርታ ከላይ ይመልሳት። ከዚያ ራሱ ካርታውን ይቁረጥ፤ ማለትም ከላይ ግማሹን አንስቶ ከጎኑ ያስቀምጥ፣ የታችኛውን ግማሽ ደግሞ ላዩ ላይ ይጫን። አሁን ምን ሆነ? የታችኛዋ የልብ ሰባት እሱ ከመረጣት ካርታ ላይ ቁጭ አለች። ደግሞ ደጋግሞ ቢቆርጥም ችግር የለም፣ ሁለቱ አይለያዩም። ሁለተኛ እንዲበውዝ ግን አትፍቀጂለት።

ካርታዎቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን እየገለበጥሽ ጠረጴዛ ላይ አውርጂ። የልብ ሰባት ስትመጣ ቀጥላ የምትመጣው የእሱ ናት። አንድ ወጥመድ ግን አለ። አንዳንዴ ቆረጣው ልክ በሁለቱ መካከል ይወድቅና የልብ ሰባት መጨረሻ ላይ ትመጣለች። ያን ጊዜ የእሱ ካርታ መጀመሪያ ያወረድሻት ናት። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ካርታ ሁልጊዜ በልብሽ ያዢ። ይህችን ነገር ሳልነገር ጀምሬ ሃምሳ ሁለቱንም ካርታ አውርጄ ባዶ እጄን የቆምኩበት ቀን ነበር።

እስካሁን ያልኩሽ ምስጢሩን ነው። አሁን ትሪኩ ይጀምራል።

ይህን ብዙ ሰው እንዴት እንደሚያበላሸው ልንገርሽ። የልብ ሰባትን ሲያይ ፊቱ ይበራል፣ ቀጣይዋን ካርታ ይመዝና «ይቺ ናት!» ይላል። ተመልካቹ «ትክክል» ይላል። አለቀ። ማን ይደንቀዋል? ካርታ ሲወርድ አይቷል፣ አንዷ ላይ ቆምሽ፣ በቃ የሆነ ምልክት አለ ብሎ ያስባል። አንቺ እንዲህ አድርጊ። የእሱን ካርታ ስታዪ አትቁሚ። እለፊያት። ሌላ አምስት ስድስት ካርታ አውርጂ፣ እንደጠፋብሽ ሁኚ። ከዚያ «አሁን የምገለብጣት ካርታ ያንተ ናት፤ ልወራረድህ?» በይው። እሱ ካርታው ካለፈች ቆይታለችና በልቡ ይስቃል፣ ሊወራረድም ይፈልጋል። እሺ ሲልሽ እጅሽን ወደ ቀሪው ክምር ሳይሆን ወደወረዱት ካርታዎች ስደጂና የእሱን ካርታ ገልብጪያት። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው። ምስጢሩ ያው፣ ካርታዋም ያው። የተለወጠው አንቺ የምትናገሪው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ይህኛውን አፍ የሚፈልግ ትሪክ ያልኩት። (የምትወራረጂው ለሳቅ ይሁን፣ ለገንዘብ አይደለም። ይህን ጥበብ ቁማር ላይ ያመጣ ሰው መጨረሻው አያምርም።)

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከታች ያለችውን ካርታ ሰርቀሽ ያየሽበት ደቂቃና ካርታው የተገኘበት ደቂቃ ይራራቁ። መሀል ላይ አውሪ፣ ቀልጂ፣ ስሙን ጠይቂው። ከዚያ ከመጨረስሽ በፊት የሆነውን ከልሺለት፦ «አንተ በወዝክ፣ አንተ መረጥክ፣ አንተ ቆረጥክ።» አንቺ ካርታውን ያስተካከልሽባትን ቅጽበት አላነሳሻትም። እሱም አያነሳትም። ማታ ለጓደኞቹ ሲያወራ «ካርታውን ጭራሽ አልነካችውም» ብሎ ይምላል። የሰው ትዝታ የእኛ ትልቁ ረዳት ነው።

ሦስተኛው ወንድምሽ የያዘብሽ ሳንቲም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሳንቲም ከቀኝ ወደ ግራ ያስተላለፍሽ አስመስለሽ በቀኝ ማስቀረት ከሁሉም የቆየና ከሁሉም የሚጠቅም ነገር ነው። ለዚህ ብዙ ዓይነት አያያዝ አለ፤ አንቺ የለመድሽው የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም። ችግሩ አያያዙ ላይ አይደለም። ሳንቲሟን ወስደሽ መጀመሪያ በእውነት ከቀኝ ወደ ግራ አስተላልፊያት። ምንም ማታለል የለም፣ ዝም ብለሽ ስጪያት። አሥር ጊዜ። ሃያ ጊዜ። እየሰጠሽ ራስሽን ታዘቢ። ዓይንሽ የት ይሄዳል? ሳንቲሟን ተከትሎ ወደ ግራ። ቀኝ እጅሽ ከሰጠች በኋላ ምን ትሆናለች? ልል ብላ ወደ ጎን ትወርዳለች፣ ትረሻታለሽ። ግራ እጅሽስ? ሳንቲም የያዘች እጅ ትንሽ ወፍራም ናት፣ ውስጧ ቦታ አለ። አሁን ያንኑ በውሸት አድርጊው። በእውነቱና በውሸቱ መካከል ልዩነት እስኪጠፋ ድረስ አንዴ በእውነት፣ አንዴ በውሸት እያፈራረቅሽ ሥሪው። ከጎንሽ ሰው ካለ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይገምት።

ጀማሪዎች ላይ የማየው አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ሳንቲሟን የደበቀች እጅ ትደነዝዛለች። ጣቶቿ ተጣብቀው፣ አውራ ጣት ተቆልፎ፣ የሞተች እጅ ትመስላለች። እኔ «ጥፋተኛዋ እጅ» እላታለሁ፤ ጥፋቷ ፊቷ ላይ ተጽፏል። መድኃኒቱ ሥራ መስጠት ነው። እስቲ አስቢው፣ ሰው ለምን ሳንቲም ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያስተላልፋል? ያለ ምክንያት አያደርገውም። ምክንያት ፍጠሪለት። ቀኝ እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ ማውጣት አለባት እንበል። ለዚህ ነው ሳንቲሟን ወደ ግራ ያዞርሻት። ቀኝ እጅሽ ኪስ ገባች፣ እስክሪብቶውን ይዛ ወጣች፤ ሳንቲሟ ኪስ ውስጥ ቀረች። በእስክሪብቶው ግራ ጭብጥሽን መታ መታ አድርጊ፣ ክፈቺ። የለችም። ቀኝ እጅሽም ባዶ ናት። ወንድምሽ «በቀኝ እጅሽ ይዘሽዋል» ቢልሽ ደስ ብሎሽ ታሳዪዋለሽ።

ዓይን ይህን ያህል ኃይል አለው ስልሽ ከራሴ አምጥቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጉስታቭ ኩን እና ማይክል ላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ የቆየ ትሪክ በሳይንስ ፈተኑ። ምትሃተኛው ኳስ ወደ ላይ ሁለት ጊዜ ይወረውራል። በሦስተኛው ጊዜ ይወረውር ይመስላል እንጂ ኳሷ እጁ ውስጥ ትቀራለች። ከተመልካቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኳሷ ወደ ላይ ወጥታ አየር ላይ ስትጠፋ አየን አሉ። ያልተወረወረች ኳስ! ምትሃተኛው በዓይኑ ወደ ላይ ሲከተላት ብዙዎቹ ተሸወዱ፤ እጁን ሲያይ ግን የተሸወዱት ቁጥር በጣም ቀነሰ። እጁ የሠራው በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር። የተለየው ዓይኑ ብቻ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስ እና ክሪስቶፈር ቻብሪስ ያሳተሙት ሙከራም አለ። ሰዎች ቅርጫት ኳስ የሚቀባበሉትን እንዲቆጥሩ ተነገራቸው፤ መሀል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን መትቶ ወጣ። ግማሽ ያህሉ ተመልካች ጎሪላውን አላየውም። ሰው የሚያየው ዓይኑ ፊት ያለውን ሳይሆን የሚያስብበትን ነው። አንቺ የሚያስብበትን ከሰጠሽው ሌላውን በፊቱ ትሠሪዋለሽ።

አሁን ስለ እጅሽ መጠን። አርጀንቲናዊው ሬኔ ላቫንድ እ.ኤ.አ. በ1928 ተወልዶ በ2015 ያረፈ የካርታ ምትሃተኛ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ በመኪና አደጋ ቀኝ እጁን አጣ። በቀረችው በግራ እጁ ብቻ ካርታ እየበወዘ፣ እየቆረጠ፣ እየዘረጋ በዓለም መድረክ ላይ ኖረ። ያውም ፈጥኖ አይደለም። «ከዚህ በላይ ቀስ ማለት አይቻልም» እያለ ያንኑ ትሪክ ይበልጥ እያዘገመ ይሠራው ነበር። እጄ ትንሽ ናት ብሎ የሚያማርር ተማሪ ሲገጥመኝ የእሱን ቪዲዮ አሳየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ እጅ አያነሳም። ካልሆነም ቀላል መፍትሔ አለ። በብዛት የምታያቸው የፖከር ካርታዎች ስፋታቸው 63 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብሪጅ የሚባሉት ደግሞ 57 ሚሊሜትር ገደማ፤ ቁመታቸው ያው 88 ነው። ስድስት ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል፣ እጅ ላይ ግን ይታወቃል። እሱን ሞክሪ።

ዕቃ ምን ልግዛ ላልሽው፦ ካርታ። አለቀ። ከተቻለ አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ሙሉ ጥቅል ካርታ፣ አንደኛው ሲያረጅ ሌላው እንዲኖርሽ። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነውን ተዪው፣ ያንሸራትታል። ሃምሳ ትሪክ በአንድ ሳጥን የሚባለውን ደግሞ ለሕፃን ስጦታ ካልሆነ አትንኪው። ልዩ ዕቃ ሲኖርሽ ሰው «እስቲ ላየው» ይልሻል፣ ማሳየት አትችዪም፣ አለቀልሽ። ከሰው በተዋስሽው ሳንቲም የተሠራ ትሪክ ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል።

ልምምዱ እንዴት ይሁን? በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ። አልጋ ላይ ተቀምጠሽ ተለማመጂ። ሳንቲም ሲወድቅ አይጮህም፣ ካርታ ሲበተን አይበላሽም፣ ጎንበስ ቀና እያልሽም አትሰለቺም። መስታወት ይረዳል፣ ግን አትመኚው። መስታወት ፊት ብቻ የለመደ ሰው ክፉ ልማድ ይይዛል፤ ምስጢሯ ቅጽበት ስትደርስ ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል። ራሱን ሸውዶ «ጥሩ ነው፣ አልታየኝም» ይላል። ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ፣ እኔም ላይ ነበር። ስለዚህ ስልክሽን ተመልካቹ በሚቀመጥበት ቦታ አቁመሽ ቅረጪና ቆይተሽ እዪው። ማየቱ ያሳፍራል። ይሁን፣ እዪው።

የተረፈውን ጊዜ ደግሞ እንደ ሮቤር ኡዳን አድርጊ። እ.ኤ.አ. በ1805 የተወለደ ፈረንሳዊ ነው፤ ሙያው ሰዓት ሠሪነት ነበር፣ በኋላ የዘመናዊ ምትሃት አባት ተባለ። ከእስራት በማምለጥ የታወቀው ምትሃተኛ ሁዲኒ ስሙን ራሱ የወሰደው ከእሱ ነው። ሮቤር ኡዳን በወጣትነቱ ካፖርቱ ላይ በግራም በቀኝም ኪስ አሠርቶ፣ መንገድ ሲሄድ እጁ ኪሱ ውስጥ ሳንቲምና ካርታ ይለማመድ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ሳንቲም መዳፍሽ ውስጥ ደብቀሽ በር ክፈቺ፣ ስልክ አንሺ፣ ጻፊ። እጅሽ ሳንቲሟን ሲረሳት ያን ጊዜ ደርሰሻል።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጨርሶ አይጠፋም። ይቀንሳል እንጂ። ግን ማስታገሻ አለው። ክርኖችሽን ወደ ጎድንሽ ጠጋ አድርጊያቸው፤ እጅ ብቻውን አየር ላይ ሲሆን ነው የሚንቀጠቀጠው። የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገርሽን ቃል በቃል በቃልሽ ያዢ፤ አፍ ከተከፈተ ሌላው ይከተላል። መጀመሪያ ላስቲኩን ሥሪ፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጥበት ደቂቃ በእሱ ይለፍ። ደግሞም ለአንድ ሰው ጀምሪ። ለሁለት። ቀጥሎ ለአምስት። ቤተሰብ ፊት መጀመር ጥሩ አይደለም፤ ቤተሰብ ትሪኩን ሳይሆን አንቺን ነው የሚያየው። ወንድምሽ ቢቆይ ይሻላል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ምን ሊሆን እንደሆነ አስቀድመሽ አትናገሪ። «አሁን ሳንቲሟ ትጠፋለች» ካልሽው ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ የት እንደምትደብቂያት ነው የሚፈልገው። አለመናገርሽ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቢበላሽብሽ አቅጣጫ ቀይረሽ ሌላ ነገር አድርገሽ ትወጫለሽ፣ ማንም አያውቅም። ሁለተኛ፣ «ድገሚው» ሲሉሽ አትድገሚ። በዚህ ዙሪያ የምትተረክ ታሪክ አለች። ሁዲኒ ማንኛውንም ትሪክ ሦስት ጊዜ ካየሁ ምስጢሩን አውቃለሁ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ላይ ዳይ ቬርኖን የተባለ ወጣት ካናዳዊ አንድ ካርታ ላይ አስፈረመው። ካርታዋን ከላይ ሁለተኛ አድርጎ አስገባት፤ ወዲያው አንደኛ ሆና ወጣች። ደገመው። ከሦስትም በላይ ደጋግሞ አሳየው፣ ሁዲኒ አላወቀም። ቬርኖን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ካርታ ከእጁ ያልተለየ ሰው ነበር። አንቺ ሦስት ወርሽ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ትያዢያለሽ። «ሌላ ላሳይህ» በይና ወደ ሌላው እለፊ።

ብትያዢስ? ትስቂያለሽ። «ጎበዝ፣ ያዝከኝ» ትያለሽ። አትከራከሪ፣ አትዋሺ፣ አትቆጪ። ተመልካች ምትሃተኛን የሚጠላው ሲሸወድ ሳይሆን ሲናቅ ነው። ቤትሽ ስትገቢ ግን የት ላይ እንደያዘሽ ጻፊ። እንዴት እንደሚሠራ ለሚለምንሽ ሰው ደግሞ አትንገሪ። ምስጢሩ ውድ ስለሆነ አይደለም፤ የላስቲኩን አየሽ፣ ከዚያ ቀላል ነገር የለም። ስትነግሪው «በቃ ይሄው ነው?» ይላል፣ ደስታውን አንቺው ራስሽ ወሰድሽበት። መማር የፈለገ ግን ይለያል። እሱን አስተምሪው፣ እኔ አሁን እንደማደርገው።

ሦስቱን ትሪኮች ሳታስቢ መሥራት ስትችዪ ወደ መጽሐፍ ሂጂ። ቪዲዮ ጥሩ ነው፣ ግን የሌላውን ሰው ንግግርና አነጋገር አብሮ ያስገባብሻል፤ የሰውየው ግልባጭ ትሆኛለሽ። መጽሐፍ ሲሆን ድምፁን አንቺ ትፈጥሪዋለሽ። ለካርታ ሁጋርድና ብራዌ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት «ዘ ሮያል ሮድ ቱ ካርድ ማጂክ» ከመበወዝ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወስድሻል። እንግሊዝኛው አይከብድም። ሁለት ካርታ እንደ አንድ አድርጎ ማንሳት፣ ደብል ሊፍት የሚሉት፣ እዚያ ታገኚዋለሽ፤ እሱን ለመያዝ ብዙ ወራት ስጪው። ኤርድኔዝ በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1902 የወጣውን ዝነኛ የካርታ መጽሐፍም ሰዎች ይጠቁሙሻል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል፣ መጽሐፉም ድንቅ ነው። ለጀማሪ ግን አይሆንም። እኔ በጊዜው ጀምሬው አንድ ዓመት አባክኛለሁ።

እሳት፣ መርፌ መዋጥ፣ ውሃ ውስጥ ታስሮ ማምለጥ የመሳሰሉትን ደግሞ ቪዲዮ አይተሽ አትሞክሪ። ይህን የሚሠሩ ሰዎች አጠገባቸው የሠለጠነ ረዳት አላቸው። ይህን ያህል ብቻ ልበል።

ለወንድምሽ ምን እንደምታደርጊ ላማክርሽ። ለሁለት ወር ያህል ምንም አታሳዪው። ትቻለሁ ብሎ ያስብ። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ወሬ እያወራችሁ ራሱ ሳንቲም ያበድርሽ። ቀኝ እጅሽን ለእስክሪብቶው ኪስሽ ስትሰጂ የግራ ጭብጥሽን ተመልከቺ። የምር ተመልከቺ፣ ሳንቲሟ እዚያ እንዳለች። ስትከፍቺ እሱ ወዲያው ቀኝ እጅሽን ይይዛል። ተዪው፣ ይያዝ።